ፕሮፌሰር ፉሳኪቺ ኦሞሪ (1868–1923)፦ በመሬት መንቀጥቀጦች መካከል ያለውን ጊዜ ያጠኑ ሊቅ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ፣ በዱለቻና በአጎራባች ወረዳዎች የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋገመባቸው ወራት፣ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ይሰማ በነበረበት ወቅት፣ ብዙዎች ይጠይቁ የነበረው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ይህ ንዝረት መቼ ያቆማል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቆመ በኋላስ መቼ ይመለሳል የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ ጊዜ የሚነሡ ናቸው። ለመጀመሪያው በቁጥር የተደገፈ መልስ ያስገኙት፣ በሁለተኛው ደግሞ ከገዛ ባልደረባቸው ጋር ለዓመታት የተሟገቱት ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ፉሳኪቺ ኦሞሪ ናቸው። ሳይንስ በዚህ ጉዳይ ምን ሊናገር እንደሚችል፣ ምን ሊናገር እንደማይችልም የእርሳቸው ሕይወት ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ስለሚያሳይ፣ ታሪካቸው ለአንባብያን እንደሚከተለው ቀርቧል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦሞሪ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1868 በጃፓን ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በፉኩዪ ከተማ ከሳሙራይ ቤተሰብ ነው። ያ ዓመት የሜይጂ ዘመን የተጀመረበት፣ ጃፓን በሯን ለውጭው ዓለም ከፍታ የዘመናዊ ትምህርትና የዘመናዊ አስተዳደር ግንባታ ውስጥ የገባችበት ነበር። የወታደሩ መደብ የቀድሞ ሥራውንና ክብሩን ሲያጣ ብዙዎቹ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መንግሥት አገልግሎት አመሩ። ወጣቱ ኦሞሪም ወደ ቶኪዮ ሄደው በንጉሠ ነገሥታዊው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጠኑ፤ በ1890 ተመረቁ።

በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሌላው ዓለም ያልተለመደ አንድ የጥናት ዘርፍ ሥር እየሰደደ ነበር። እንግሊዛዊው የማዕድን ምሕንድስና መምህር ጆን ሚልን በ1876 ወደ ጃፓን ከመጡ በኋላ፣ በ1880 ዮኮሃማን ያናወጠው መንቀጥቀጥ ሐሳባቸውን ሁሉ ወደ ምድር ንዝረት መለሰው። በዚያው ዓመት የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ማኅበር ተቋቋመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሴይኬይ ሴኪያ የተባሉት ጃፓናዊ ምሁር በዚህ ሙያ በዓለም የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኑ። ኦሞሪ ያደጉት በእነዚህ ሁለት ሰዎች ጥላ ሥር ነው።

ጥቅምት 28 ቀን 1891 ማለዳ በማዕከላዊ ጃፓን የሚገኘው የኖቢ ሜዳ ተናወጠ። መጠኑ ወደ 8 የሚጠጋው ይህ መንቀጥቀጥ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከ140 ሺህ በላይ ቤቶችን አፈረሰ። ምድሪቱ በ80 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች። ሚዶሪ በምትባለው መንደር በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው መሬት እርስ በርሱ በ6 ሜትር ያህል ከፍታ ተበላለጠ፤ አንድ ወጥ የነበረው የእርሻ ማሳና መንገድ በግድግዳ እንደተከፈለ ሆነ። ለኑሮ የተሰናዳ አገር በአንድ ደቂቃ እንዲህ ሲሆን ማየት በጃፓን መንግሥት ላይ ትልቅ ድንጋጤ ፈጠረ። ከውጭ በመጣ የአሠራር ስልት የተገነቡ የጡብ ሕንፃዎችና የብረት ድልድዮች ጭምር ወድቀው ነበርና። በቀጣዩ ዓመት በ1892 መንግሥት የመሬት መንቀጥቀጥ ምርመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኦሞሪ በኋላ የዚህ ኮሚቴ ጸሐፊና ዋነኛ አንቀሳቃሽ ሆነው ዕድሜ ልካቸውን አገልግለዋል።

ከአደጋው በኋላ ያለው ጊዜ ለተረፉት ሰዎች ከአደጋው ያልተናነሰ መከራ ነበር። ምድሪቱ አላረፈችም። ቤት የፈረሰበት ሰው ዳግም ለመሥራት ፈራ፤ ቤት የቀረለትም ገብቶ ለመተኛት ፈራ። በጊፉ ከተማ የነበረው የአየር ጠባይ ጣቢያ ሠራተኞች ግን እያንዳንዱን ንዝረት ቀንና ሰዓቱን፣ ብርታትና ድካሙን እየለዩ በመዝገብ ላይ ማስፈር አላቋረጡም። እስከ 1893 መጨረሻ ድረስ የመዘገቡት ከ3 ሺህ በላይ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የማይነሣው እነዚህ መዝጋቢዎች ናቸው፤ ቀጥሎ የሚነገረው ግኝት ግን ያለ እነርሱ መዝገብ ባልተገኘም ነበር።

የ25 ዓመቱ ኦሞሪ ይህን መዝገብ ወስደው የመሬት መንቀጥቀጥን ባሕርይ ከመግለጽ ይልቅ መቁጠርን መረጡ። ከዋናው መንቀጥቀጥ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ስንት፣ በሁለተኛው ስንት፣ በወሩ ስንት፣ በዓመቱ ስንት ተከታይ ንዝረት ደረሰ ብለው ጠየቁ። ቁጥሩ በየቀኑ ሲታይ ከፍና ዝቅ እያለ ሥርዓት የሌለው ይመስላል። በሰንጠረዥ ተደርድሮ ሲታይ ግን ውስጡ አንድ ለስላሳ መስመር ተሸሽጎ ተገኘ፤ ይኸውም በቀን የሚቆጠሩት ንዝረቶች ብዛት ካለፈው ጊዜ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። በ1889 ኩማሞቶን፣ በ1893 ደግሞ የካጎሺማን አካባቢ ከመቱት መንቀጥቀጦች በኋላ የተሰበሰቡትም ቁጥሮች ያንኑ መስመር ተከተሉ። ጥናቱ በ1894 በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ዛሬም የኦሞሪ ሕግ በመባል ይታወቃል።

የሕጉን ትርጉም በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከአንድ ትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ በመጀመሪያው ቀን 100 ንዝረቶች ተቆጠሩ እንበል። በሕጉ መሠረት በአሥረኛው ቀን የሚጠበቁት 10 ያህል፣ በመቶኛው ቀን አንድ ያህል፣ በሺኛው ቀን ደግሞ በአሥር ቀን አንዴ ነው። ይህ የሚያጽናና ይመስላል፤ ያጽናናልም። ነገር ግን ሌላ ገጽታ አለው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ አሥረኛው ቀን የሚደርሱት ንዝረቶች በድምሩ ከአሥረኛው እስከ መቶኛው ቀን ከሚደርሱት ጋር እኩል ናቸው፤ እነዚያም ከመቶኛው እስከ ሺኛው ቀን ከሚደርሱት ጋር እኩል ናቸው። ስለዚህ ንዝረቱ ፈጥኖ ይሳሳል እንጂ ፈጥኖ አያልቅም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሰማ ንዝረት አዲስ መዓት ሳይሆን የአሮጌው ጅራት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ስለ ብዛት እንጂ ስለ ብርታት አይናገርም፤ ከተከታዮቹ መካከል አንዱ ጠንካራ የሚሆንበት ዕድል ከብዛታቸው ጋር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ኦሞሪ በዚህ ሥራቸው ከታወቁ በኋላ ለትምህርት ወደ ጣሊያንና ወደ ጀርመን ተላኩ። ሴኪያ በ1896 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ፣ ከአውሮፓ ተመልሰው ወንበራቸውን ወረሱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሠሩት ብዛቱ ያስደንቃል። በርቀት የደረሱ ንዝረቶችን የሚመዘግብ የአግድም ፔንዱለም መሣሪያ ነደፉ፤ ይህ መሣሪያ በጀርመን ይዞታ ሥር በነበረችው በስትራስቡርግ ከተማ በቦሽ የመሣሪያ ሠሪዎች ተሻሽሎ በብዙ አገሮች የቦሽ ኦሞሪ ሳይስሞግራፍ በሚል ስም አገልግሏል። በመጀመሪያው ደካማ ንዝረትና በሁለተኛው ጠንካራ ንዝረት መካከል ያለውን የሰከንድ ብዛት በ7.42 በማባዛት የመንቀጥቀጡ መነሻ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንደሆነ የሚገመትበትን ቀላል ስሌትም ለአቅራቢያ መንቀጥቀጦች አበጁ። አንድ የጣቢያ ሠራተኛ በእርሳስና በወረቀት ሊሠራው የሚችል ስሌት ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ሁሉ ኦሞሪ ይገኙ ነበር። በ1905 በሰሜን ሕንድ ወደ ካንግራ፣ በ1906 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ በታኅሣሥ 1908 ከደረሰው አደጋ በኋላ ደግሞ ወደ መሲና ሄደዋል። የሳን ፍራንሲስኮው ጉዞ መራራ ነበር። በካሊፎርኒያ በጃፓናውያን ላይ ጥላቻ በተነሣበት ወቅት በመሆኑ ፍርስራሹን ሲመረምሩ ወጣቶች በድንጋይ ደብድበዋቸዋል። የከተማዪቱና የክልሉ ባለሥልጣናት ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ኦሞሪም ነገሩን ሳያጎሉ ሥራቸውን ጨርሰው ተመለሱ።

በመሲና የደረሱበት ድምዳሜ ግን ለዚህ ገጽ አንባብያን በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ኦሞሪ በመሲና ከሞተው ሕዝብ ብዛት ጋር በጃፓን በኖቢ የሞተውን አነጻጸሩ። የምድሪቱ ንውጽውጽታ ተመዛዛኝ ሆኖ ሳለ የሞቱ ብዛት ፈጽሞ ተራራቀ። በዚህም መሠረት በመሲና ከሞቱት አንድ ሺህ ሰዎች 998ቱን የገደለው የቤቶቹ አሠራር ጉድለት እንጂ የንዝረቱ ኃይል ብቻ አይደለም ብለው ጻፉ። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ ባለጉዳይ የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይልን የሚመለከተውን የንድፍ ስሌት እንደ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ሲቆጥረው አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ስሌት ወረቀቱ ስለ ምን እንደሚጠየቅ በቂ መልስ ይሰጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ኦሞሪ በሚመሩት የትምህርት ክፍል አኪትሱኔ ኢማሙራ የሚባሉ ረዳት ፕሮፌሰር ነበሩ። በዕድሜ ከኦሞሪ የሚያንሱት በሁለት ዓመት ብቻ ቢሆንም በማዕረግ ግን እጅግ የራቁ ነበሩ። ኢማሙራ በመስከረም 1905 ታዪዮ በተባለው ተነባቢ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ቶኪዮ ቀድሞ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን ከተማዪቱን የመቱ ታላላቅ መንቀጥቀጦች በ1649፣ በ1703 እና በ1855 የደረሱ መሆናቸውን ጠቅሰው፣ በአማካይ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጡ መሆናቸውን አስረዱ። ከመጨረሻው ወዲህ 50 ዓመት አልፏል፤ እንግዲህ በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ውስጥ ሌላ ሊመጣ ስለሚችል ከአሁኑ መዘጋጀት ይገባል አሉ። ዋናው ጠላት እሳት እንደሚሆንም አስጠነቀቁ። ከተማዪቱ የእንጨት ቤት ከተማ ናት፤ በየቤቱ የጋዝ ኩራዝ ይበራል፤ የውኃ መሥመሩ ከተሰበረ የሚሞተው ሕዝብ ከመቶ ሺህ ሊበልጥ ይችላል በማለት ኩራዙ በኤሌክትሪክ መብራት እንዲተካ መከሩ።

ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር። ይሁን እንጂ በጥር 1906 አንድ ጋዜጣ ጥንቃቄውን ትቶ ጥፋቱን ብቻ አጉልቶ አወጣው። በወሩ በቶኪዮ ጠንከር ያሉ ንዝረቶች ሲሰሙ ደግሞ ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የተደወለ የሚመስል የሐሰት የስልክ መልእክት ተሰራጨ፤ ታላቁ መንቀጥቀጥ ዛሬ ይመጣል ተብሎ ተወራ። ሕዝቡ ቤቱን ትቶ ወደ ሜዳ ወጣ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኦሞሪ ነበሩና ሕዝቡን የማረጋጋት ግዴታ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። በዚያው መጽሔት ላይ የኢማሙራን ግምት መሠረት የሌለው ወሬ ነው ብለው በይፋ ተቃወሙ። ሕዝቡ ተረጋጋ። ኢማሙራ ግን በየሄዱበት የሐሰት ነቢይ ተደርገው ተቆጠሩ፤ ስማቸውን ያደሰላቸው 1923 ነው።

ነገሩን በስታቲስቲክስ ዐይን ስንመለከተው ሁለቱም በከፊል ልክ እንደነበሩ እንረዳለን። ከሦስት መንቀጥቀጦች የሚገኘው የጊዜ ልዩነት ሁለት ብቻ ነው። ከ1649 እስከ 1703 ያለው 54 ዓመት ሲሆን ከ1703 እስከ 1855 ያለው 152 ዓመት ነው። አማካዩ 103 ዓመት ይሆናል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ልዩነቶች አንዱም እንኳ ለመቶ የቀረበ አይደለም። በሁለት ቁጥሮች ላይ፣ ያውም አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ሊያህል በቀረበበት ሁኔታ፣ ዘመን መቁረጥ እንደማይቻል ኦሞሪ ማሳሰባቸው ትክክል ነበር። ሦስቱም መንቀጥቀጦች ከአንድ ስንጥቅ የወጡ አይደሉም። የ1703ቱ ከከተማዪቱ በስተደቡብ ካለው ከሳጋሚ የባሕር ወለል ስንጥቅ የተነሣ ሲሆን የ1855ቱ ከራሷ ከከተማዪቱ ሥር የተነሣ ነው። የተለያዩ ስንጥቆችን ዕድሜ በአንድነት ደምሮ ማካፈል የአንድን ስንጥቅ ዕድሜ አይነግርም።

በሌላ በኩል ኢማሙራ ያሉት በዚህ ቀን ይመጣል አይደለም። ረጅም ጊዜ ጸጥ ያለ ስንጥቅ በታሪኩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጸጥታው ዋስትና አይደለም፤ ስለዚህ በውል የማይታወቅ ጊዜን ለመዘጋጃ እንጠቀምበት ነው ያሉት። መረጃው ለቀጠሮ አይበቃም ማለትና አደጋው የለም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኦሞሪ ምላሽ የመጀመሪያውን ለመናገር የተነሣ ሆኖ በሕዝቡ ጆሮ ሁለተኛው ሆኖ ተሰማ። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች ከታሪኩ ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነው።

ኦሞሪ ግን አስጠንቃቂነትን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ከፖሊስ መኮንኖች ፊት ቀርበው በሰጡት ትምህርት፣ በሰሜናዊቷ የሆካይዶ ደሴት የሚገኘው የኡሱ እሳተ ገሞራ ከመፈንዳቱ በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚደጋገም አስረድተው ነበር። በሐምሌ 1910 በአካባቢው ንዝረት ሲበረታ ያን ትምህርት የተከታተሉት የሙሮራን ፖሊስ አዛዥ በተራራው ዙሪያ የሚኖሩ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዲወጡ አዘዙ። ተራራው ፈነዳ፤ ሕዝቡ ግን ተርፎ ነበር። ኦሞሪ ፈጥነው ደርሰው መሣሪያ ተክለው ንዝረቱን መዘገቡ። በቀጣዩ ዓመት በአሳማ ተራራ ላይ በጃፓን የመጀመሪያውን የእሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ አቋቋሙ።

በጥር 1914 በሳኩራጂማ ደሴት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ነዋሪዎች ንዝረቱና የጉድጓድ ውኃው መለወጥ አስጨንቋቸው ሲጠይቁ የአካባቢው የአየር ጠባይ ጣቢያ ደሴቲቱ አትፈነዳም የሚል መልስ ሰጠ። ደሴቲቱ ፈነዳች፤ ምክሩን አምነው የቆዩ ሰዎች ሞቱ። የመንደሩ አስተዳደር ከአሥር ዓመት በኋላ ባቆመው የድንጋይ ሐውልት ላይ ነዋሪዎች በምሁራን ግምት ሳይተማመኑ ምልክቱን እንዳዩ እንዲሸሹ የሚያሳስብ ጽሑፍ አስቀርጿል። ሐውልቱ ዛሬም በቦታው አለ።

በ1923 ክረምት ኦሞሪ በሜልቦርንና በሲድኒ በተካሄደው ሁለተኛው የፓስፊክ አገሮች የሳይንስ ጉባኤ ላይ ለመካፈል ወደ አውስትራሊያ ተጓዙ። ቶኪዮ ላይ ቢሮውን የሚጠብቁት ኢማሙራ ነበሩ። መስከረም 1 ቀን ኦሞሪ በሲድኒ የሪቨርቪው የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያ ጣቢያን እየጎበኙ ሳለ የመሣሪያው መርፌ መንቀሳቀስ ጀመረ። ርቀቱን ለመገመት ከዚያ ክፍል ውስጥ ከእርሳቸው የተሻለ ሰው አልነበረም። ከሩቅ የመጣ ታላቅ መንቀጥቀጥ ነበር፤ የመጣውም ከአገራቸው ነው።

በጃፓን ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 5 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ላይ፣ በየቤቱ ለምሳ እሳት በተነደደበት ጊዜ፣ መጠኑ 7.9 የሚገመተው መንቀጥቀጥ ከሳጋሚ ስንጥቅ ተነሥቶ ቶኪዮንና ዮኮሃማን መታ። የውኃ ቧንቧዎች ተሰባበሩ። ከ130 በላይ በሆኑ ቦታዎች የተነሣው እሳት በብርቱ ነፋስ ተጋግሞ ከሁለት ቀን በላይ ነደደ። ሆንጆ በተባለው ሰፈር ወደሚገኝ ባዶ ሜዳ ንብረታቸውን ይዘው ከሸሹት መካከል ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በእሳት አውሎ ነፋስ አለቁ። በጠቅላላው ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹን የፈጀው እሳቱ ነው። በዚህ ላይ ኮሪያውያን እሳት እየለኮሱ፣ ጉድጓድ እየመረዙ ነው የሚል የሐሰት ወሬ ተነዝቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን በየመንገዱ ተገደሉ። በ1906 ወሬ ያስከተለው ድንጋጤ ነበር፤ በ1923 ያስከተለው ደም ሆነ።

ኢማሙራ ከ18 ዓመታት በፊት የጻፉት በአስፈሪ ሁኔታ ተፈጸመ። ኦሞሪ ወደ አገራቸው በሚወስዳቸው መርከብ ላይ ሳሉ ሕመም ጠናባቸው። በጥቅምት መጀመሪያ ዮኮሃማ ሲደርሱ ወደቡ ፍርስራሽ ነበር፤ ኢማሙራ ሊቀበሏቸው መጥተው ነበር። በዚያ ጊዜ ኦሞሪ በቂ ማስጠንቀቂያ ባለመስጠታቸው የተሰማቸውን ከባድ ጸጸት ለባልደረባቸው መግለጻቸው ይነገራል። ኅዳር 8 ቀን 1923 በአንጎል ዕጢ ሕመም በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ወንበራቸውን ኢማሙራ ተረከቡ።

ከእርሳቸው ሞት ወዲህ የጥናቱ መስክ በብዙ አቅጣጫ ሰፍቷል። አሜሪካዊው ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የሳን ፍራንሲስኮውን መንቀጥቀጥ መርምረው በ1910 እንዳስረዱት፣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ዐለት ለዘመናት ቀስ በቀስ ይወጠራል፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ይፈነገላል፤ ከዚያም መወጠሩ እንደገና ይጀመራል። ይህ ከሆነ በመንቀጥቀጦች መካከል ያለው ጊዜ ፍጹም የዘፈቀደ አይሆንም፤ ግን ደግሞ እንደ ሰዓት የተስተካከለ አይደለም። በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ በምትባል አነስተኛ ቦታ የደረሰው ጉልህ ማስረጃ ነው። በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 ተመጣጣኝ መንቀጥቀጦች ደርሰውባት ስለነበር አማካዩ 22 ዓመት ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ቀጣዩ እስከ 1993 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚደርስ ተተንብዮ አካባቢው በመሣሪያ ተከበበ። መንቀጥቀጡ የደረሰው በመስከረም 2004 ነው። የመጣበት ቦታና መጠን እንደተጠበቀው ነበር፤ ጊዜው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ዘገየ።

በዚህ ምክንያት ዛሬ ባለሙያዎች ቀን አይቆርጡም። የአንድ ስንጥቅ አማካይ የመመለሻ ጊዜ፣ ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ የሚዋዥቅበት መጠን፣ ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ ወዲህ ያለፈው ጊዜ በአንድነት ተሰልተው በሚቀጥሉት 30 ዓመታት ውስጥ የመከሰቱ ዕድል በመቶኛ ይገለጻል። በጃፓን ከ1995ቱ የኮቤ አደጋ በኋላ የተቋቋመው የመንግሥት የምርምር ማስተባበሪያ እንዲህ ያለውን መቶኛ ለእያንዳንዱ ዋና ዋና ስንጥቅ አስልቶ በይፋ ያወጣል። መቶኛው ለኢንሹራንስ፣ ለትምህርት ቤት ጥገና፣ ለድልድይ ዲዛይን ይጠቅማል፤ ነገ ጠዋት ከቤት እንውጣ ወይስ አንውጣ ለሚለው ጥያቄ ግን አልተሠራም።

በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ላይ የኦሞሪን ሕግ ስንጠቅስ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ እንደደረሰው ያለ፣ ዋና መንቀጥቀጥ ቀድሞት ተከታዮች የሚሳሱበት ሁኔታ ከሕጉ ጋር የሚቀራረብ ነው። በፈንታሌና በዶፈን መካከል የታየው ግን ከምድር ውስጥ የቀለጠ ዐለት መንቀሳቀስ ጋር የተያያዘ የንዝረት መንጋ ስለሆነ፣ የቀለጠው ዐለት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሊጋጋም፣ ሲቆም ሊበርድ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ በኦሞሪ መስመር መጨረሻውን ማስላት አይቻልም። ስለሆነም በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሻለው መረጃ በየዕለቱ የሚወጣው ነው። ይህንንም የሚከታተለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው።

የኖቢው መንቀጥቀጥ በደረሰ በመቶኛው ዓመት ገደማ ጃፓናውያን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1891 የተጀመረውን ቆጠራ እንደገና ከፍተው እስከ ዘመናቸው አራዝመው ተመልክተውታል። ቶኩጂ ኡትሱ የተባሉት ሊቅ በ1961 ጥቂት ማሻሻያ አድርገውበት የነበረው የኦሞሪ መስመር ከመቶ ዓመት በኋላም ከቁጥሩ ጋር ይስማማ ነበር። በሚዶሪ መንደር ምድሪቱ የተከፈለችበት ግድግዳ በመንግሥት ልዩ የተፈጥሮ ቅርስ ሆኖ ተጠብቋል፤ በላዩም የስንጥቁን ውስጥ ቁልቁል ለማየት የሚያስችል ቤተ መዘክር ተሠርቶበታል።